ጠጠሩ ወጣ፣ ሴሎቹስ?

አዳማ ሙቀቱ ሲበረታ እኛ ላቦራቶሪ ባጃጅ ሾፌር አይጠፋም። ተራ እንዳያመልጣቸው ሽንት ቤት መሄድ አይፈልጉም፤ ስለዚህ ውሃ አይጠጡም። የሚሰጡኝ ሽንት ጠቆር ያለ ነው።

ሽንቱን በሴንትሪፊውጅ አዞርና ከሥር የቀረውን ጠብታ በስላይድ አየዋለሁ። ካልሲየም ኦክሳሌት፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ የኩላሊት ጠጠር የሚሠራበት ክሪስታል፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ አራት ማዕዘን፣ መሃሉ ላይ ኤክስ የተሰመረበት፣ የታሸገ ፖስታ የመሰለ። እውነት ለመናገር ያምራል። ክሪስታል ታየ ማለት ግን የኩላሊት ጠጠር አለ ማለት አይደለም፤ ጤነኛ ሰው ሽንት ውስጥም ይገኛል። የውጤት ወረቀቱን ይዞ የሚደነግጥ ስለበዛ ነው የምለው።

ባለፈው አንዱ ሾፌር፣ «ዶክተር፣ ጠጠሩ ወጥቶልኛል። ከዚህ በኋላ ምን አለብኝ?» አለኝ። (ነጭ ጋወን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።)

ሰው የሚያስበው ስለ ጠጠሩ ብቻ ነው። ኩላሊት ውስጥ ሽንት የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ግን ውስጣቸው በሴል የተሸፈነ ነው። ኦክሳሌት (ከምግብም የሚገባ ንጥረ ነገር ነው) ሲበዛ፣ ክሪስታሉም ሲነካቸው፣ ማይቶኮንድሪያቸው (የሴሉ ኃይል ማመንጫ) ይታወክና ጎጂ የኦክስጅን ሞለኪውሎች ከልክ በላይ ያመነጫል። የሴሉ መከላከያ አይችላቸውም። የሴሉ የራሱ ሽፋን የተሠራበት ስብ ይበላሻል።

እኔን የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ፎስፋቲዲልሴሪን የሚባል ስብ አለ፤ ጤነኛ ሴል ላይ በሽፋኑ የውስጥ ገጽ ነው የሚቀመጠው። ሴሉ ሲጎዳ ወደ ውጭ ይገለበጣል። ክሪስታል ደግሞ እሱ ላይ ይጣበቃል። ጤነኛ ሴል ቢያገኝ ኖሮ ከሽንቱ ጋር ታጥቦ የመሄድ ዕድሉ ሰፊ ነበር። የተጣበቀው ክሪስታል ሴሉን መልሶ ይጎዳል፣ ብግነት ይነሳል፣ የረገፈው ሴል ስብርባሪ ለሌላ ክሪስታል መነሻ ይሆናል። ይህ ዝርዝር በአብዛኛው የታወቀው ላቦራቶሪ ውስጥ ከሚያድጉ ሴሎችና ከአይጦች ነው። የሰው ኩላሊት ላይ ደረጃ በደረጃ ማየት ከባድ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ምንም ላይሰማው ይችላል። ያ መሬት ላይ የሚያንከባልለው ሕመም የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ጠጠሩ ወርዶ ወደ ፊኛ የሚወስደውን ቱቦ ሲዘጋ ነው።

«እንግዲህ ውሃ ልጠጣ?» አለኝ። አዎ፣ ግን ልኩ የሚታየው በሚሸናው ነው። ጠጠር ለያዘው ሰው የሚመከረው በቀን ቢያንስ 2.5 ሊትር ሽንት ነው፤ አዳማ ላይ ደግሞ ላቡም ድርሻውን ይወስዳል። ጨውም ይቀንስ፤ ሽንት ውስጥ ካልሲየም ያበዛል።

ወተት ማቆሙን ሲነግረኝ ግን ተናደድኩ። «ጠጠሩ ካልሲየም ነው ተባልኩ» ይላል። ከምግብ ጋር የሚገባ ካልሲየም እኮ አንጀት ውስጥ ኦክሳሌቱን ይዞ በሰገራ ያስወጣዋል። ወተቱ ሲቀር ኦክሳሌቱ ወደ ደም፣ ከዚያም ወደ ኩላሊት ይሄዳል። በጾም ቆስጣና ቀይ ሥር የሚያዘወትር ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው፤ ሁለቱም ኦክሳሌት የሞላባቸው ናቸው።

«ሻይስ?»

«ጥቁር ሻይም አለበት።»

«እሱን እንኳ ተይልኝ» ብሎኝ ወጣ።