ዳማ ጆሮውን ሲያዞር

ካሜራዬ ውስጥ እስካሁን ያላጠፋሁት አንድ የተበላሸ ፎቶ አለ። ሙሽራው አንድ እጁን ወደ ላይ ሰቅሏል። ሙሽሪት የጋሪውን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣለች፤ አፏ ተከፍቷል። ፈረሱ አንገቱን ወደ ሰማይ ወርውሯል፤ የፊት እግሮቹ መሬት አልነኩም። ዓይኑ ያለበት ቦታ ላይ ዓይን የለም፤ አረንጓዴ ብርሃን ብቻ ይንቦገቦጋል። ቦታው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። ሰዓቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ግድም። ጥፋቱ የኔ።

ድሬ የሄድኩት ለአክስቴ ልጅ ሰርግ ነው። ፎቶ አንሺ ስለሆንኩ የተጠራሁት እንደ ዘመድም እንደ ሠራተኛም ነው። እንዲህ ዓይነት ጥሪ የደረሰው ሰው ያውቀዋል፤ ለሁለቱም ትሮጣለህ፣ ምሳ የምትበላው ግን መጨረሻ ላይ ነው። አዲስ አበባ፣ ከለቡ ጣቢያ በጠዋት የተሳፈርኩበት ባቡር ከከተማው ወጣ ያለው አዲሱ ጣቢያ አወረደኝ። ወሩ ጥር ነው። በጥር ድሬ ደግ ናት፤ ሙቀቱ ይምራል፣ ማታ ነፋሻ ነው።

ሚዜዎቹ አንድ ነገር አስበዋል። ሙሽሮቹ በመኪና ሳይሆን በፈረስ ጋሪ ከዚራን እንዲዞሩ፣ ከዚያ አሮጌው የምድር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ፎቶ እንዲነሱ። ሐሳቡ ያምራል። ድሬ ራሷ የሐዲዱ ልጅ ናት፤ ፈረንሳዮቹ ሐዲዱን ከጅቡቲ ዘርግተው እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሜዳ ላይ ሲደርሱ ተራራው ከበዳቸውና ሐረርን ወደ ጎን ትተው ቆሙ። ከባቡሩ የወረደው ዕቃ ከዚያ ወደ ሐረር የሚወጣው በበቅሎ፣ በአህያና በግመል ጀርባ ነበር። ስለዚህ ጋሪና ጣቢያ በአንድ ፎቶ፤ ማን ይጠላል?

የጋሪው ፈረስ ዳማ ነው፤ ስሙም ዳማ። ከግንባሩ እስከ አፍንጫው ቀጭን ነጭ መስመር ወርዶለታል። ሚዜዎቹ አንገቱ ላይ አበባ፣ ጋሪው ላይ ፊኛ፣ ልጓሙ ላይ ደግሞ ትንንሽ ቃጭል አስረውለታል። ከኋላ አጃቢ መኪኖች ጥሩምባ ይነፋሉ፣ ባጃጆች በመሀል ይሹለከለካሉ። በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ ይሉሃል ይኼ ነው። ዳማ ግን ደንባራ አልነበረም። ያን ሁሉ ጫጫታ ችሎ አንገቱን እየነቀነቀ ሲሄድ አይቻለሁ። ያደነበርኩት እኔ ነኝ።

እንዴት? ጋሪው ከዛፎቹ ሥር ሲቆም ከጎን ሮጬ መጣሁ። ፈረሱ ፊት ሁለት ሜትር ያህል ላይ በርከክ አልኩ። ፍላሹን በሙሉ ኃይሉ ፊት ለፊት ለቀቅኩት። አንዱ አልበቃኝም፤ ወዲያው ደገምኩት። ከላይ የነገርኳችሁ ፎቶ ሁለተኛው ነው።

ባለጋሪው ከመቀመጫው ዘሎ ወርዶ ልጓሙን ያዘ። አልጮኸም። ዳማን አንገቱ ሥር እያሻሸ «አቦ፣ አቦ፣ በቃ» እያለ አረጋጋው። ሙሽሪት በእግሯ ሄደች። ማንም አልተጎዳም፣ አንድ ፊኛ ፈነዳ። እሱም ለዳማ ሌላ ድንጋጤ ነበር። ባለጋሪው ወደ እኔ ዞሮ ያለው ይኼን ብቻ ነው፦ «ልጄ፣ ነገ ጠዋት ና። ከሱ ጋር ትተዋወቃላችሁ።»

በማግስቱ መልስ ነበር፤ ማታ ፎቶው እንደገና ይነሳል ተብሏል። ስለዚህ በጠዋት ፋጢራዬን በልቼ፣ ባጃጅ ይዤ ወደ ባለጋሪው ሰፈር፣ ገንደ ቆሬ ሄድኩ። ዳማ ግቢ ውስጥ ከግንቡ ጥላ ሥር ቆሟል። ጌጡ ሁሉ ወልቋል። ያለ ጌጥ ይበልጥ ያምራል።

ቀጥ ብዬ ወደ ፊቱ ስሄድ ባለጋሪው በእጁ አስቆመኝ።

«ከየት ነው የምትመጣው?»

«ከፊት ነዋ፣ ጋሼ። እንዲያየኝ።»

«አያይህም እኮ።»

እውነቱን ነው። የፈረስ ዓይን የተቀመጠው በጎንና በጎን ነው። ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ 350 ዲግሪ ግድም ይባላል። የማያየው ሁለት ቦታ ብቻ ነው። አንዱ ከጭራው ቀጥታ ኋላ፣ ሌላው ከግንባሩ ቀጥታ ፊት፣ አፍንጫው ሥር። ማታ እኔ የተንበረከክሁት ከዚህ ከሁለተኛው ብዙም ሳልርቅ ነው። ደግሞ ማታ ጋሪ ላይ ስለነበር ዓይኑ በቆዳ መከለያ ተጋርዷል። ከጎን ስሮጥ ጨርሶ አላየኝም። ለሱ እኔ ከምንም ተነስቶ ድንገት ፊቱ የፈነዳ ነገር ነበርኩ።

«በትከሻው በኩል ና። እያወራህ ና። ምንም አውራ፣ ግድ የለውም።»

ስለ ባቡሩ ትኬት እያወራሁ በግራ ትከሻው በኩል ቀረብኩ። ዳማ አንድ ጆሮውን ወደ እኔ አዞረ። አንዱን ብቻ፤ ሌላው ወደ ባለጋሪው ነው። ባለጋሪው ሳቀ። «በግራው አንተን ይሰማል፣ በቀኙ እኔን ይጠይቃል» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ሙሉ የጆሮ ትምህርት ነበር። ጆሮው ወዴት እንደዞረ፣ ሐሳቡ እዚያ ነው። ሁለቱም ወደ ፊት ቀጥ ካሉ አንድ ነገር ስቦታል፤ ለፎቶ የሚያምረው ይኼ ነው፣ ግን ከዚህ ቀጥሎ መሸሽም ሊመጣ ይችላል። ወደ ጎን ዘና ብለው ከወደቁ እያንቀላፋ ነው። ወደ ኋላ ተለጥፈው አንገቱ ላይ ከተኙ ተቆጥቷል፤ ካሜራህን ይዘህ ዞር በል። ጆሮ ብቻውን አይበቃም። ዳማ በዚያ ሰዓት አንድ የኋላ እግሩን ሸብረክ አድርጎ በኮቴው ጫፍ ቆሟል፤ የታችኛው ከንፈሩ ተንጠልጥሏል። ይኼ ያረፈ ፈረስ ነው። አፍንጫው ተነፍቶ፣ የዓይኑ ነጭ ወጥቶ፣ አራቱም እግሮቹ ተተክለው፣ ጭራው ተወጥሮ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነው። ፈረስ ቀንድ የለውም፤ ጥርሱም አያድነውም። መድኃኒቱ ሩጫ ነው። መጀመሪያ ይሮጣል፣ ምን እንደነበር የሚያጣራው በኋላ ነው።

ስለ ርግጫም አስጠነቀቀኝ። ከኋላ ማለፍ ካለብህ ወይ በጣም ራቅ፣ ወይ እጅህን ወገቡ ላይ አድርገህ ተለጥፈህ እለፍ። አደገኛው መካከሉ ነው፤ ኮቴው ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው እዚያ ነው። ገመዱን እጅህ ላይ አትጠምጥም። አጠገቡ ሆነህ መሬት ላይ አትቀመጥ። ይኼን ሲለኝ የማታው መንበርከክ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

አሁን ወደ ፍላሹ እንምጣ። ካሜራውን አስሸተትነው። አሸተተ፣ አናፈሰ፣ ተወው። ከዚያ ፍላሹን ይዤ አሥር ሜትር ያህል ራቅኩ። ፊቴን ወደ ግንቡ አዞርኩና በትንሹ ኃይል ግንቡ ላይ ለቀቅኩት። ዳማ ቀና አለ። ባለጋሪው እፍኝ ሣር ሰጠው። ደገምኩ፤ አሁን ጆሮው ብቻ ተንቀሳቀሰ። ሁለት እርምጃ ቀረብኩ፣ ለቀቅኩ፣ ጠበቅኩ። ዳማ ማኘክ ከጀመረ እቀርባለሁ፤ ካቆመ እኔም እቆማለሁ።

ሰባተኛው ወይ ስምንተኛው ላይ ይመስለኛል አንድ ነገር ያስተዋልኩት። ዳማ ጆሮውን ወደ እኔ የሚያዞረው ብርሃኑ ሲበራ አይደለም። ከበራ በኋላ፣ ፍላሹ እንደገና ሲሞላ ነው። አሮጌ ፍላሽ ያላችሁ ታውቃላችሁ፤ ሲሞላ ሲ...ይ የሚል ቀጭን ድምፅ አለው። ለእኔ የወባ ትንኝ ያህል ነው። ለሱ ግን ሌላ ነው። የሰው ጆሮ ከ20 ሺህ ኸርዝ በላይ የቀጠነ ድምፅ አይሰማም፤ የፈረስ ጆሮ እስከ 33 ሺህ ግድም ይደርሳል። ከማልሰማው ውስጥ ምን ያህሉ ወደሱ እንደሚገባ ማን ያውቃል። ይኼን ለማረጋገጥ ፍላሹን አጥፍቼ አበራሁት፤ ብርሃን የለም፣ ሲይታው ብቻ። ጆሮው ዞረ። እንደገና አጥፍቼ አበራሁት። እንደገና ዞረ።

«ጋሼ፣ ብርሃኑን ብቻ አይደለም እኮ። ድምፁንም ነው!»

«ታዲያ አንተ አትሰማውም?» አለኝ፣ እንደ ሞኝ እያየኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ፍላሽ ተሸክሜያለሁ። አንድ ቀን አስቤው አላውቅም።

ብርሃኑም ቢሆን ቀላል አይደለም። ፈረስ ዓይኑ ከኋላው እንደ መስተዋት የሚመልስ ሽፋን አለው፤ በጨለማ ያለችውን ትንሽ ብርሃን ሁለቴ እንዲጠቀምባት ነው። በፎቶዬ ላይ የተንቦገቦገው እሱ ነው። ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲሄድ ግን ዓይኑ ከኛ ዓይን ዘግይቶ ነው የሚለምደው። ስለዚህ ማታ ፍላሽ ተተኩሶበት ወዲያው ሂድ ሲባል የሚረግጠውን በደንብ አያይም። ከፍላሽ በኋላ ትንሽ ማቆም ያስፈልጋል። የቀይ ዓይን መከላከያ የሚሉትን ቅድመ ብልጭታ ደግሞ አጠፋሁት፤ ለፈረስ ድንጋጤን በቅድሚያ ከመላክ ሌላ ጥቅም የለውም።

ማታ ስንገናኝ ነገሩ ሁሉ ተለውጧል። ቃጭሉ ተፈትቷል። ፊኛው ቀርቷል። ሚዜዎቹ ትንሽ ቢያጉረመርሙም ሙሽሪት «እኔ ከዚህ በፊት የዘለልኩት ይበቃኛል» ስላለች ነገሩ አበቃ። ጋሪውን ያቆምነው ከነጭ ግንብ አጠገብ ነው። ካሜራውን ትንሽ ብርሃን እንዲበቃው 3200 አይ ኤስ ኦ ላይ አደረግኩ፣ የሌንሱን ቀዳዳ በሰፊው ከፈትኩ፣ የፍላሹን ኃይል ወደ አንድ ሠላሳ ሁለተኛ አወረድኩ። ፍላሹን ከካሜራው ነቅዬ ለአንድ ሚዜ ሰጠሁት፤ ከዳማ ትከሻ ጎን ራቅ ብሎ ቆሞ ወደ ግንቡ እንዲያዞረው። ብርሃኑ ግንቡን መትቶ ለስልሶ ይመለሳል። በትንሽ ኃይል ሲሆን ደግሞ ፍላሹ ለመሞላት ጊዜ አይፈልግም፤ ያቺ ሲይታም አጭር ትሆናለች። እኔ ረጅሙን ሌንስ ይዤ ስምንት ሜትር ላይ ቆምኩ። ርቀት ለኔም ለፊቱም ይበጃል፤ ሰፊ ሌንስ ይዘህ ስትጠጋ የፈረስ አፍንጫ እንደ ዱባ ያብጣል።

ባለጋሪው መሬት ወርዶ ልጓሙን ይዟል። የሱን ፊት እያየሁ ነው የማነሳው። ራሱን ሲነቀንቅልኝ አነሳለሁ፤ ሳይነቀንቅ አላነሳም። መጀመሪያ ያለ ሙሽሮቹ ሦስት ጊዜ ለቀቅን። ዳማ ሦስተኛው ላይ የኋላ እግሩን ሸብረክ አደረገ። ያኔ ሙሽሮቹ ወጡ።

ሃያ ፎቶ አልሞላም። አንዱ ላይ ዳማ ሁለት ጆሮውን ወደ ፊት ቀጥ አድርጎ ከጣቢያው በር በኩል ያያል። የአክስቴ ልጅ አስልቼ እንዳነሳሁት መስሏት ታመሰግነኛለች። ዳማ ግን አንድ ልጅ በዚያ በኩል ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ በፌስታል ይዞ ሲያልፍ የፌስታሉን ድምፅ ሰምቶ ነው።

ማክሰኞ ሐረር ወጣሁ። ሚኒባሱ ደንገጎን ሲወጣ ከኋላ ድሬ እንደ ምንጣፍ ተዘርግታ ትታያለች። ሐረር የወረድኩት ፈረስ መጋላ ነው። ስሙ የፈረስ ገበያ ማለት ነው። አንድም ፈረስ የለም። ባጃጅ አለ፣ አሮጌ ፔዦ አለ፣ ጫት አለ። ይቺ ከተማ ራስ መኮንን የገዟት ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ እስከ ሞቱበት 1906። የፈረስ ስማቸው አባ ቃኘው ነው። ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። አንድ ፈረስ ስሙ ኮሪያ ድረስ ሄዶ፣ የፈረስ መጋላ ግን ፈረስ አልባ ሆነ።

ማታ ጅብ ሲመገብ ለማየት ከጀጎል ውጭ ወጣሁ። ቱሪስቶች የስልካቸውን ፍላሽ ያለማቋረጥ ይለቃሉ። የጅቦቹ ዓይን እንደ ዳማው ዓይን ያበራል። እነሱ ግን ግድ የላቸውም፤ ብርሃን ካለ ሥጋ እንዳለ ያውቃሉ። ባለጋሪው ዳማን ወደ ሐረር በማታ እንደማያመጣ ነግሮኝ ነበር። «ሽታው ይበቃዋል» ነው ያለኝ።

ረቡዕ ጠዋት ሆጃዬን ጠጥቼ በቀጭኑ መንገድ ወደ በሩ ስወርድ አንዲት አህያ ማገዶ ተሸክማ ከፊቴ ቆማለች። ባለቤቷ ከአንድ በር ላይ ዋጋ ትከራከራለች። ከኋላ ያለው ግንብ ሐምራዊ ነው፣ ጥላው ጥቁር። ፎቶው ራሱ ተነስቶ ያለቀ ነው፤ ትንሽ ብርሃን ብቻ ጎድሎታል። ባለቤቷን በእጄ ጠየቅኳት፤ አንሳ አለችኝ። በትከሻዋ በኩል፣ እያወራሁ ቀረብኩ። ፍላሹን አበራሁ።

ሲ...ይ።

አህያዋ አንድ ረጅም ጆሮዋን ቀስ ብላ ወደ እኔ አዞረች። ፍላሹን አጠፋሁት። ጆሮዋ ወደ ባለቤቷ ተመለሰ፤ እነሱ ገና ዋጋው ላይ ናቸው።