ሱፉ አንገቱን ደፍቷል

ዛሬ ከሃንጋሪ ዋና ከተማ ከቡዳፔስት ወደ ደብረጼን ብቻዬን በባቡር መጣሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እማዬ የከተማውን ስም ከሰማች ጀምሮ «ደብረ ጽዮን» ነው የምትለው። አላረምኳትም፤ ገዳም የገባሁ ይምሰላት።

ግራ ያጋባኝ ጣቢያው ነው። ደብረጼን ያለው በምሥራቅ፣ ባቡሩ የሚነሳው ግን «ኙጋቲ» ከሚሉት ጣቢያ፤ ትርጉሙ «ምዕራብ» ነው አሉ! ሁለት ሻንጣ እየጎተትኩ (የአንዱ ግማሽ ሽሮና በርበሬ ነው) ሦስት ሰው ጠየቅኩ። ገብቼ እፎይ ብዬ እንደተቀመጥኩ አንዲት አሮጊት ትኬታቸውን አሳዩኝ። ለካ ወንበሩ ቁጥር አለው። ይቅርታ ብዬ ስነሳ ሻንጣዬን አብረውኝ ገፉ፤ ዳቦ ቆሎ ሰጠኋቸው። አንዷን ነክሰው ጉንጫቸውን ይዘው ሳቁ።

ሶልኖክ ላይ የቲሳን ወንዝ ተሻገርን። ከዚያ ወዲያ ሜዳ ብቻ፣ ጉብታ እንኳን የለም። እንጦጦን እያየ ላደገ ሰው ያስፈራል። ድንገት ሱፍ! የደረቀ፣ አንገቱን የደፋ፣ አጨዳ የሚጠብቅ የሱፍ ማሳ። የሁዳዴ ሱፍ ፍትፍት ትዝ ብሎኝ እንባዬ መጣ። ሴትዮዋ ምንም ሳይሉ ሶፍት አቀበሉኝ።

አሁን ዶርም ነኝ። ሽሮው ሻንጣ ውስጥ ፈሷል።