ሦስት ወር የለፋሁበት ደብተር

ከኒውዚላንድ ዋና ከተማ ከዌሊንግተን ብዙ በማትርቀው ፖሪሩዋ ከተማ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ እረዳለሁ። ከምረዳቸው አንዷ የአታፉ ደሴት ሰው ናቸው፤ እማማ እላቸዋለሁ። በፓስፊክ ውቅያኖስ ያሉት አታፉ፣ ኑኩኖኑና ፋካኦፎ አንድ ላይ ቶከላው ይባላሉ። የሦስቱ ሕዝብ ቢደመር በ2016 እ.ኤ.አ. ቆጠራ 1,500 ገደማ ነበር። አውሮፕላን አያርፍባቸውም፤ ከሳሞአ በመርከብ ከአንድ ቀን በላይ ያስኬዳል። በ1966 እ.ኤ.አ. ከባድ አውሎ ነፋስ ከመታቸው በኋላ የኒውዚላንድ መንግሥት ሰዎቹን እያመጣ ማስፈር ጀመረ። ዛሬ ከደሴቶቹ ይልቅ እዚህ ይበዛሉ፤ ቋንቋቸው ቶከላውኛ ግን አብሮ አልበዛም።

እማማ ዕድሜያቸው ሲገፋ እንግሊዝኛው ጠፋባቸው። ውሃ ጠምቷቸው ይሁን አሟቸው መለየት ሲያቅተኝ ደብተር ገዝቼ የምሰማውን በፊደላችን መጻፍ ጀመርኩ። ለዚህ ቋንቋ ፊደላችን በልኩ የተሰፋ ነው። ቃሉ ሁሉ በአናባቢ ስለሚያልቅ ግዕዝና ሳድስ ሥራ ፈቱ። ዓሣ ኢካ፣ ታንኳ ቫካ፣ ቤት ፋሌ።

እማማ አፋቸውን የሚፈቱት በብዛት ሲጸልዩና ሲዘምሩ ስለነበር እኔም ያንኑ ለቀምኩ። ከሦስት ወር በኋላ ለልጃቸው ኮራ ብዬ ሳነብላት በሳቅ ፈረሰች፤ ግማሹ ሳሞአኛ ነበር! ለካ ወንጌል በ1860ዎቹ ወደ ደሴቶቹ የገባው በሳሞአ ሰዎች በኩል ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ መጽሐፍ ቅዱሱም ስብከቱም በሳሞአኛ ሆኖ ኖሯል። አማርኛ ልማር ብሎ አያቴ ሲጸልዩ አጠገባቸው ተቀምጦ «አቡነ ዘበሰማያት»ን የሚገለብጥ ፈረንጅ በሉኝ። ሁለቱ ቋንቋዎች ደግሞ ዘመዳሞች ናቸው። ሳሞአኛ «ከ»ን ይውጣታል፤ ቫካን ቫኣ፣ ኢካን ኢኣ ይላል።

ከዚያ ወዲያ ማዕድ ቤት ገባሁ። ዓሣ ሲጸዳ፣ ኮኮናት ሲፈቀፈቅ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የልጅ ልጆቻቸውን ሲቆጡ አዳመጥኩ። በተዋሰው ቋንቋ የሚጸልይ አለ፤ እማማ ግን በተዋሱት ሲቆጡ አልሰማሁም። «ና» ለማለት ሳሞአኛው ሳኡ ሲል የእሳቸው ሃኡ ነው፤ ከአፋቸው ሲወጣ ግን ለጆሮዬ «ሕያው» ነው። ቋንቋን ጋጋና ይሉታል። ያቺን «ጋ» ለማውጣት «ዘንግ» ብዬ ልጀምርና «ግ» ላይ ሳልደርስ ምላሴን ማቆም ነበረብኝ፤ ሳምንት ፈጀብኝ። የአናባቢውን ርዝመት ግን በፊደላችን ማሳየት አልቻልኩም። የበዓሉን ገና እና «ገና ነው» የምንለውን አንድ ዓይነት ለሚጽፍ ሰው ይህ ብርቅ አይደለም።

ሁለተኛውን ጥፋቴን ዘግይቼ ነው ያየሁት። ደብተሩ ሞልቷል፤ ከቤተሰቡ ግን አንድም የሚያነበው የለም። አሁን ማታ ማታ ከልጅ ልጃቸው ጋር ወደ እነሱ አጻጻፍ እንገለብጠዋለን። እሱ ስህተቴን ለእማማ እያነበበ ያሳርመኛል፤ ሳያስበው እሱም እየተማረ ነው። ባለፈው ታዲያ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ድምፃቸው አንድ ከሆነ ለምን ሦስት አደረጋችሁት ብሎ አፋጠጠኝ። አያቴን እጠይቃለሁ አልኩት።