የደብተር እቁብ

ሰሞኑን የምገበያይበት ሱፐርማርኬት በስልኬ መልእክት ላከልኝ፤ የሰበሰብኩት ነጥብ በወሩ መጨረሻ ይቃጠላል ይላል። ነጥብ እንዳለኝም አላውቅም ነበር። ወዲያው ትዝ ያሉኝ የወንድሜ ባለቤት እትዬ ናቸው። እሳቸው ባሉበት ቤት አንዲት ነጥብ ሳትቆጠር አታልፍም ነበር።

አሜሪካ የገባሁት በ1964 ዓ.ም. ነው። ያረፍኩት በመካከለኛው ምዕራብ፣ በአንዲት የዩኒቨርሲቲ ከተማ፣ በስኮላርሺፕ ይማሩ ከነበሩት ከታላቅ ወንድሜ ከጋሼ ዘንድ ነበር። ለሁለት ሰው በማትበቃው ገንዘብ ላይ እኔ ተጨመርኩ።

ያን ጊዜ ሱፐርማርኬቱም ነዳጅ ማደያውም ለደንበኛ አረንጓዴ ቴምብር ያድል ነበር፤ ለ10 ሳንቲም ግዢ አንድ ቴምብር። ቴምብሩን የሚያሳትመው ስፔሪ ኤንድ ሃቺንሰን የተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ1896 የተቋቋመ ድርጅት ነው። ነጋዴው ከድርጅቱ ይገዛል፣ ለደንበኛው ይሰጣል፤ ደንበኛው ደብተር ሞልቶ ሲያስረክብ ከድርጅቱ መደብር ዕቃ ይወስዳል። በነጻ ይባል እንጂ ዋጋው ዳቦውና ወተቱ ላይ ተደምሯል። ጋሼ ኢኮኖሚክስ ያጠኑ ስለነበር ይህን ለእትዬ ለማስረዳት ብዙ ደከሙ። «ከከፈልነውማ ለምን እንተወዋለን?» ነበር መልሳቸው። ከዚህ የተሻለ የመለሰ ኢኮኖሚስት እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ደብተሩ 24 ገጽ አለው። አንዱ ገጽ 50 ነጥብ ይይዛል፣ ሁሉም ሲሞላ 1,200 ይሆናል። የ50 ነጥብ ቴምብር ብቻዋን ገጽ ትዘጋለች፤ እኛ ግን የምንገዛው በትንሽ በትንሹ ስለሆነ የአንድ የአንዷ ትበዛ ነበር። መለጠፉ የእኔ ሥራ ነው። ሙጫው ምላስ ላይ መጀመሪያ ጣፈጥ ይልና ኋላ ይመራል። ዐቢይ ጾም ሲገባ እትዬ ሙጫው ከምን እንደተሠራ አይታወቅም ብለው በምላስ ማርጠቡን ከለከሉኝ። ጋሼ ሳቁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም፤ በሳህን እርጥብ ስፖንጅ አቀረቡልኝ። በስፖንጅ ሲሆን ውኃው ይበዛና ወረቀቱ ያብጣል። የሞላው ደብተር ሲደርቅ አልገጥም ብሎ አፉን ከፍቶ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል።

እትዬ ከካታሎጉ ዓይናቸውን የጣሉት በኤሌክትሪክ መጥበሻ ላይ ነበር። ጤፍ የማይታሰብበት ዘመን ነው። እንጀራው ቤኪንግ ፓውደር ከተቀላቀለበት የስንዴ ዱቄት ይጋገራል፣ ምጣዱም ያ ባለ ክዳን መጥበሻ ነው። ምድጃ ላይ የሚጣደው ተራ መጥበሻ መሐሉን አሳርሮ ዳሩን ሊጥ ያስቀረዋል። ጋሼ የአገር ቤት መብራት 220 ቮልት ስለሆነ ይዘነው ብንገባም አይሠራም አሉ። ማን ይሰማቸዋል?

በአንድ ቤት ወጪ ደብተር ቶሎ አይሞላም። እትዬ በከተማው የነበሩትን የተማሪ ሚስቶች ሰብስበው እቁብ ጣሉ፤ የደብተር እቁብ። በየወሩ እያንዳንዷ የሞላ ደብተር ይዛ ትመጣለች፣ ቡና ይፈላል፣ ዕጣ ይወጣል፣ የወጣላት ሁሉንም ጠቅልላ ወደ መደብሩ ትሄዳለች። ዳኛዋ እትዬ ናቸው። ደብተር ሲረከቡ ገጽ በገጽ ይገልጣሉ፤ ሁለት ቴምብር የጎደለውን ይመልሳሉ። አንዷ የሌላ ድርጅት ቴምብር ከመሐል ለጥፋ ብትመጣ ሁለተኛውን ቡና እየቀዱላት፣ በፈገግታ፣ ደብተሩን ጭኗ ላይ አኖሩላት።

በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ የነዳጅ እጥረት መጣ። መኪና ተሰልፎ ለሚለምነው ማደያ ቴምብር ማደል ምን ያደርግለታል? ኑሮው ሲወደድ ሱፐርማርኬቶቹም አንድ በአንድ ተዉት፤ በምትኩ ዋጋ ቀንሰናል አሉ። ጋሼ ይህ ይሻላል አሉ፤ በስሌት ልክ ነበሩ። የተቀነሰው ሳንቲም ግን የት እንደገባ ሳናውቅ አለቀ። ቴምብር ዳቦ ስለማይገዛ፣ ቢቸግርም ሳይነካ ይቆይና አንድ ቀን መጥበሻ ይሆናል። ለድሃ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ዛሬም ከጋሼ ጋር አንስማማበትም።

በዚያው ዓመት አገር ቤት አብዮቱ ፈነዳ። ተምረን እንመለሳለን ያልነው ሁሉ ቀረን፤ የቮልቱም ክርክር በዚያው ቀረ። እቁቡ ግን አልፈረሰም፣ በዶላር ሆነ። የመጀመሪያው ዕጣ በደንቡ የዳኛዋ ነውና እትዬ ያገለገለች ፎርድ ገዙበት። ጋሼ መንዳት ያስተማሩኝ በእሷ ነው።