ስም የለበትም ያልኩት ሠንጠረዥ

ይሄን ነገር ስንት ጊዜ መጻፍ ጀምሬ ተውኩት። ዛሬ ልጨርሰው።

አንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞቹን ጤና፣ የሥራ ሰዓታቸውን፣ ከቤት ኑሯቸው ጋር እንዴት እንደሚያስታርቁትና አካል ጉዳተኞችን ምን ያህል እንደሚያካትት እንድናጠና ጠራን። 60 ምናምን ሰው ነው ያለው። ናሙና ማውጣት አያስፈልግም፣ ሁሉንም መጠየቅ ይቻላል። መጠይቁን እኔ አዘጋጀሁ፣ እኔው ዞሬ አስሞላሁ፣ ሠንጠረዡንም እኔው ሠራሁት። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ጥፋት የማንም አይደለም።

በመጀመሪያው ዙር ጥያቄው «አካል ጉዳት አለብዎት?» የሚል ነበር። ሁሉም «የለብኝም» አሉ፣ አንድ ሰው ሳይቀር። የሰው ሀብት ኃላፊው «ነግሬህ ነበር እኮ፣ እኛ ጋ እንደዚህ ዓይነት ሰው የለም» አሉኝ።

ቃሉ ራሱ ሰው ያሸሻል። የአካል ጉዳት አኃዝ እንዴት እንደሚሰበሰብ የሚያጠናው የተባበሩት መንግሥታት ቡድን፣ የዋሽንግተን ግሩፕ፣ ያወጣቸው 6 ጥያቄዎች «አካል ጉዳት» የሚለውን ቃል ጭራሽ የማይጠሩት ለዚህ ነው። ማየት፣ መስማት፣ መራመድ ወይም ደረጃ መውጣት፣ ማስታወስ ወይም ማተኮር፣ ራስን መንከባከብ፣ ከሰው ጋር መግባባት፤ በእነዚህ ይቸገራሉ ወይ ብቻ ነው የሚሉት። መልሱ ከ«ምንም አልቸገርም» እስከ «ጭራሽ አልችልም» 4 ደረጃ አለው። በአንዱ እንኳ «በጣም እቸገራለሁ» ወይም «ጭራሽ አልችልም» ያለ ሰው አካል ጉዳት እንዳለበት ይቆጠራል። መጠይቁን ቀይሬ ተመለስኩ።

በስልክ መረጃ የሚሰጡበት ክፍል ውስጥ አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ። ከዓመታት ጀምሮ እዚያው ወንበር ላይ ናቸው። ወንበራቸው ከግድግዳው ጋር የተጠጋ ነው፣ በግራቸው በኩል ሰው ማለፊያ የለውም። ስልክ ሲያነሡ በግራ እጃቸው ይይዙና በአገጫቸው ሥር አሻግረው ቀኝ ጆሯቸው ላይ ያደርጉታል። በቀኝ እጃቸው ይጽፋሉ። እንዲህ ተጠማዝዘው ቀኑን ሙሉ። በመጀመሪያው ዙር አይቻቸው ነበር፣ ግን ልማድ ነው ብዬ አለፍኩት።

የመስማት ጥያቄው ላይ ስደርስ ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው «በጣም እቸገራለሁ» አሉኝ።

«ባለፈው ስጠይቅዎት እኮ የለብኝም ብለው ነበር» አልኳቸው።

«የለብኝማ! ግራው አይሰማም፣ ቀኙም እየደከመ ነው እንጂ እኔ ምን ሆንኩ?»

ስቄ ጻፍኩ። ልነሣ ስል እጄን ያዝ አደረጉኝ። «ይሄ ነገር የትም አይሄድም አይደል ልጄ?»

«የትም አይሄድም» አልኳቸው። «ስም የለበትም።»

ያን ጊዜ የምናገረውን አምኜበት ነው። ስም በእርግጥም አልነበረበትም።

ውጤቱን የማቀርብበት ቀን ልቤ ያለው ሰዓቱ ላይ ነበር። በዚያ ቤት ሰው እስከ ማታ ይቆያል፣ ቅዳሜም ይገባል፤ የልጁን ፊት ተኝቶ ካልሆነ የማያይ አባት ሲያጫውተኝ ውሏል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡትን ጥናት ይዤ ሄድኩ። በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ አደጋው 35 በመቶ፣ በልብ የደም ሥር ሕመም የመሞት አደጋው ደግሞ 17 በመቶ ከፍ ይላል። ይሄን ለማስረዳት ጊዜዬን ጨረስኩ። የአካል ጉዳቱን ሠንጠረዥ መጨረሻ ላይ ነው የወረወርኩት። በሥራ ክፍል፣ በጾታና በዕድሜ ከፋፍዬዋለሁ፤ ዝርዝር ሲበዛ ጥሩ ሥራ ይመስለኝ ነበር።

ስክሪኑ ላይ ወጣ። የስልክ መረጃ ክፍል፣ ሴት፣ ከ50 ዓመት በላይ፣ መስማት በጣም የምትቸገር፦ 1።

በዚያ ክፍል ከ50 ዓመት በላይ የሆነች ሴት አንድ ብቻ ናት።

ኃላፊው ትንሽ አዩት። «አሃ፣ እሷ ናት ለካ!» አሉና በሁሉም ፊት ስሟን ጠሩ።

እጄ ላይ ያለው ወረቀት መንቀጥቀጡን አስታውሳለሁ። የሆነ ነገር ተናገርኩ፣ ምን እንዳልኩ ግን አላውቅም። ከአፍ የወጣ ነገር ደግሞ አይመለስም።

በወሩ ከስልኩ አንሥተው መዝገብ ቤት አስገቧቸው። «ለእርሷው አስበን ነው» ተባለ። አበላቸው ተቋረጠ፣ ሰው የማይገባበት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ተቀመጡ። ምን ይፈልጋሉ ብሎ የጠየቃቸው አንድም ሰው የለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 27 በሥራ ቦታ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ ይላል። ማመቻቸት ማለት ሰውየው ሥራውን መሥራት እንዲችል ነገሩን ማስተካከል ነው፤ ሰውየውን ከሥራው ማንሣት አይደለም። ለእኚህ ሴት የሚያስፈልጋቸው ድምፁ ከፍ የሚል ስልክ ነበር። በቃ፣ አንድ ስልክ። ያለ እሱም ስንት ዓመት ሠርተዋል።

ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ከጀርባቸው በግራ በኩል ስለገባሁ አልሰሙኝም፤ ዞሬ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። ተቀመጥ አሉኝ። ብዙ አወራሁ። እስክጨርስ ጠበቁኝና «አንተ ክፉ እንዳልሆንክ አውቃለሁ። ግን የትም አይሄድም ብለኸኝ ነበር» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በዓመቱ ሥራውን ለቀቁ። ተከታዩን ዙር ስንሠራ ያ የስልክ ክፍል መስማት የሚቸገር ሰው ዜሮ ሆኖ ወጣ። እኛ ዘንድ ይሄ ነገር ስም አለው፣ የጤነኛ ሠራተኛ ውጤት ይባላል። የታመመውና የተቸገረው ቀድሞ ስለሚወጣ ሥራ ላይ የቀረው ሰው ከሕዝቡ ሁሉ ጤነኛ ይመስላል። ሳነበው የኖርኩት ነገር ነው። በገዛ እጄ ስሠራው ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

አሁን ከ10 በታች የሆነ ቁጥር በየክፍሉ አልዘረዝርም። ክፍሎችን አጣምራለሁ፣ ዕድሜን እጨፈልቃለሁ፣ ከመላኬ በፊት ሠንጠረዡን እንደ አለቃ ሆኜ ሰው እፈልግበታለሁ። ይሄም ቢሆን ችግር አለው። ሲጨፈለቅ የትኛው ጠረጴዛ ላይ ምን እንደጎደለ አይታይም። «አንዳንድ ሠራተኞች» የሚል ሪፖርት ያነበበ ኃላፊ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም አያደርግም።

«እነማን ናቸው?» ብለው ይጠይቁኛል፣ ሁልጊዜ።

አልናገርም። ለክፍሉ በሙሉ ድምፁ የሚጨምር ስልክ ግዙ እላቸዋለሁ፣ ለሚሰማውም ለማይሰማውም። አንዳንዶቹ ይገዛሉ።