ጎታ የነበረበት ክፍል

ስለት አለብኝ። አብማ ማርያም ደጅ ቆሜ ስሳል «ጥላ አገባለሁ፣ ያደረግሽልኝንም ለሰው እናገራለሁ» ብዬ ነበር። ጥላው ገና ነው። መናገሩ ግን ገንዘብ አይጠይቅምና እሱን ላስቀድም።

የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። እኔ አጸደ ሕፃናት አስተምራለሁ፣ ባለቤቴ ግንበኛ ነው። የሰው ቤት ሲሠራ ይውልና ማታ የሰው ቤት ይገባል። ከሁለት ልጆቻችን ጋር አምስት ዓመት አንዲት ክፍል ጭቃ ቤት ውስጥ ኖርን። መጋረጃ ጋርደን ወዲህ መኝታ፣ ወዲያ ማድቤት። ስንገባ 700 ብር ነበር። ከዚያ 1,000 ሆነ፣ ከዚያ 1,500። ጭማሪው ሁሌ የሚመጣው ማታ ነው። አከራያችን በሩን ሁለቴ ያንኳኳል። አይገባም። እደጃፉ ላይ ቆሞ ጣራውን ያያል። ጣራውን ካየ በቃ፣ ገባን።

ቆጣሪው አንድ ስለሆነ ምጣድ አይፈቀድም። በሳምንት አንድ ቀን ሊጤን በባልዲ ተሸክሜ እኅቴ ዘንድ ሄጄ ነው የምጋግረው። ጤፉም ቢሆን ያው ነው። የጎጃም ጤፍ በአይሱዙ ተጭኖ በፊታችን ወደ አዲስ አበባ ያልፋል፣ እኛ እዚሁ ተቀምጠን በኪሎ እንሸምታለን።

ሐምሌ 2016 መጨረሻ ላይ የዶላር ምንዛሬ ለገበያ ተለቀቀ ተባለ። ሳምንት ሳይሞላ በራችን ተንኳኳ።

«ከመስከረም ጀምሮ 3,500 ነው። የሦስት ወር ቅድሚያ። ካልሆነ እስከ ጳጉሜን ልቀቁ።»

«ምነው ጋሼ?»

«ዶላር ጨምሯል፣ አልሰማሽም?»

የቤቱ ማገር ባሕር ዛፍ ነው። ምርጊቱ ጭቃና የጤፍ ጭድ። ከዶላር ጋር የት ተዋወቁ? ይህን ያልኩት በሆዴ ነው። በአፌ ያነሳሁት አዋጁን ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መቀበልን እንደሚከለክል በሬዲዮ ሰምቼ ነበር።

«እንግዲያው አዋጁ ያከራይሻ!» ብሎኝ ሄደ።

ክፉ ሰው አይደለም። ልጄ ሌሊት ሲያተኩሳት ባጃጅ የጠራልን እሱ ነው። ጡረታው የወር አስቤዛ እንደማይችልም አውቃለሁ። ግን ለእሱ ባዝንም 3,500ው ከየት ይምጣ?

ደላላ ይዘን ዞርን። ለማሳየት ብቻ 100 ብር ይቀበላል። አንዱ ልጅ ያለው አልፈልግም አለን። ሌላው ክፍል መስኮት የለውም። ሦስተኛው የስድስት ወር ቅድሚያ ተጠየቀበት። ባለቤቴ ያኔ ሥራ ፈትቶ ነበር።

ፍልሰታ ገባ። በነሐሴ የማርቆስ ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ነጠላዬን ተከናንቤ በየቀኑ ጥግ ይዤ እቆማለሁ። ጸሎቴ አንድ ነበር፦ «እመቤቴ፣ የዚያን ሰውዬ ልብ አራሪልኝ።» አልራራም። ይህን ልደብቅ አልፈልግም። እንዲያውም በቡሄ ዕለት፣ ልጆች ደጃፋችን ላይ ሆያ ሆዬ እያሉ፣ በእነሱ መሀል አልፎ መጣና «ሌላ ተከራይ አግኝቻለሁ» አለን። ለልጆቹም ሁለት ብር ሰጥቷቸው ሄደ።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን እንባዬ ድምፅ አውጥቶ አዋረደኝ። አጠገቤ የሚቆሙ አንድ እናት ነበሩ፣ ሰላምታ እንጂ ሌላ ነገር አውርተን አናውቅም።

«አንቺ ልጅ፣ ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ስታለቅሺ ሰነበትሽ። ሰው ሞቶብሽ ነው?»

«አይ እማማ፣ ቤት ነው።»

«ተቃጠለ?»

«ተከራይ ነኝ። ልቀቁ ተባልን።»

ትንሽ ዝም አሉ። «የእኔ ጓዳ ጎታ ተሸክሞ ተቀምጧል። ልጆቼ ተበታትነዋል፣ ይህን ሁሉ እህል ማን ሊበላው? ነይና እይው።»

«ኪራዩስ እማማ?»

«ስንት ትከፍዪ ነበር?»

«1,500።»

«እሱኑ ክፈያ! ማታ ማታ ደግሞ ዳዊት ታነቢልኛለሽ። ዓይኔ ደክሟል።»

ያን ጊዜ ማመስገን ሲገባኝ ከአፌ የወጣው «ምጣድ ይፈቀዳል?» የሚል ነው። እስካሁን ሳስበው አፍራለሁ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

የገባነው ጳጉሜን 3፣ በሩፋኤል ዕለት ነው። ዕቃችን በአንድ ጋሪ አለቀ። ዝናቡ ሲወርድ ልጆቼ ልብሳቸውን ጥለው ግቢው ውስጥ ተጠመቁ፣ እማማም በረንዳ ላይ ቆመው እልል አሉላቸው። ክፍሉ ገብስ ገብስ ይሸታል። አልጋውን ስናስጠጋ ጎታው ከነበረበት ጥግ አንድ እፍኝ ገብስ አገኘን። ባለቤቴ በመዳፉ አፈሰውና መጣያውን ሲፈልግ እጁን ያዝኩት። ቆላሁትና ከቡና ጋር ቀረበ።

ጥላውን ለኅዳር ጽዮን ላደርሰው አስቤ ዋጋ ጠየቅሁ። እሱም ጨምሯል። ነጋዴው ምክንያቱ ምን እንደሆነ ሲነግረኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። የጥላው ጨርቅ እንኳን ከውጭ ስለሚመጣ እውነቱን ሊሆን ይችላል። በየወሩ 200 ብር እያስቀመጥኩ ነው።