የቆጡን አወርድ ብላ

ዛሬ ማለዳ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ገና ሳይገፈፍ፣ እዚህ ደሴ ለ4ኛ ክፍል ተማሪዎቼ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ሰሌዳው ላይ ጽፌ ትርጉሙን ጠየቅኋቸው። አብዛኞቹ ቆጥን የሚያውቁት የዶሮ ማደሪያ መሆኑን ብቻ ስለነበር ሴትዮዋ ዶሮ ልትሰርቅ የወጣች መሰላቸው (እውነቱን ለመናገር ታሪካቸው ከእኔ ማብራሪያ ይጣፍጥ ነበር)። አያቷ ሐይቅ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት ተማሪ ግን ቆጥ በጎጆ ቤት ውስጥ ከፍ ብሎ የሚሠራ የዕቃ ማስቀመጫ እንደሆነ አስረዳችልን። ደብተሯን በብብቷ ይዛ ከቁም ሳጥኑ አናት ጠመኔ እንድታወርድ ብጠይቃት፣ እጇን ገና ስትዘረጋ ደብተሩ ወደቀ፤ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ ከዚያ በኋላ ትርጉሙን የጠየቀኝ አልነበረም።

«እጀ ረጅም» በሚለው ፈሊጥ ግን አልቀናኝም። ሌባ ማለት መሆኑን ስናገር፣ በቁመቱ ከሁሉም የሚበልጠው ልጅ እጆቹን ቀስ ብሎ ከዴስኩ ሥር ሲደብቅ አየሁት፤ ምሳሌ ስመርጥ ስለ እርሱ አለማሰቤ እስካሁን ይቆጨኛል። በመጨረሻ ወደ «ጆሮ ዳባ ልበስ» ተሻግሬ ዳባ መነኮሳት የሚለብሱት ቆዳ መሆኑን በማስረዳት ላይ ሳለሁ ደወሉ ተደወለ፤ ልጆቹም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለውኝ ወጡ።